በሕግ አምላክ ያስቆምኩት የወተት ጥርስ ነቀላ

ይህን እንዳወራ የለመኑኝ ልጆቹ ናቸው። ልጆች የምላቸው በቀበሌያችን አዳራሽ የልጅ አያያዝ ሥልጠና የጀመሩትን ወጣት ሞግዚቶች ነው። አንድ ቀን ከሥልጠናው ስንወጣ በሩ ላይ ከበቡኝና «እማማ ብርቄ፣ ያቺን የኮሶዬዋን ነገር ካልነገሩን አንለቅዎትም» አሉኝ። አንዷ ደግሞ «መስማቱ ብቻ አይበቃንም፣ እንጻፈው» አለች። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ስለዚህ እኔ አወራሁ፣ እነሱ ጻፉ። ሲያነቡልኝ ያላልኩትን ቃል አስወጥቻለሁ፤ የቀረው የእኔው ነው።

ያኔ እግሬ የማይቀመጥ ሴት ነበርኩ። ዛሬም ያው ነኝ፣ ያኔ ግን ይብስ ነበር። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ የገጠሩን ቤት ለታላቁ ልጄ ተውኩለትና አንዴ ዳባት፣ አንዴ ኮሶዬ፣ አንዴ ጎንደር ከተማ እል ጀመር። ዘመድ ሁሉ «ብርቄ ነጠላዋን ካጣፋች ሚኒባስ ውስጥ ናት በሉ» እያለ ይስቅብኛል። ከሁሉ የምቆየው ግን ጎንደር ማራኪ ሰፈር፣ ልጄ ከተከራየችበት ግቢ ነበር። ግቢው የሠራተኛ እናት ግቢ ነው። አንዷ ዩኒቨርሲቲ ታጸዳለች፣ አንዷ ፒያሳ ካፌ ትሠራለች፣ አንዷ እናት ሁና ትማራለች። ጠዋት ጠዋት ልጆቻቸውን እኔ ዘንድ ያስቀምጡና ይበተናሉ። ሞግዚት ብሎ የጠራኝ ሰው የለም። «እማማ አሉ» ነበር የሚባለው፤ እኔም ለራሴ ሌላ ስም አልነበረኝም።

ታዲያ አንድ ሰሞን ከቀበሌ ሴቶች መጡና ልጅ የሚይዝ ሁሉ ይሠልጥን አሉን። እኔ ሳቄ መጣ። «ወልጄ ያሳደግሁ፣ የልጆቼን ልጆች ያሳደግሁ ሴት አሁን ልጅ መያዝ ልማር?» አልኩ። ልጄም «እማ፣ ሻይና ዳቦ አለው አሉ» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር የሄድኩት ለሻይና ለዳቦው ነው።

አሠልጣኟ ሲስተር ሰላማዊት የምትባል ቀጭን፣ ድምፀ ለስላሳ ልጅ ናት። የላስቲክ አሻንጉሊት ይዛ ገባች። ጎረቤቴ ፈንታዬ ገና ስታየው «ይሄማ ሸጋ ልጅ ነው፤ አያለቅስ፣ አይራብ፣ እናቱ አትቆጣ። ለእኔ ይሰጠኝ» ብላ አዳራሹን በሳቅ ሞላችው። ሲስተር አብራን ሳቀች። ሳቃችን ሲያልቅ ከጠረጴዛው ሥር ታችኛው ጎኑ በሚስማር የተበሳ ጀሪካን አወጣች። ውኃ ሞላችው። ውኃው በቀዳዳው ይንቆረቆር ጀመር።

«ይሄ ተቅማጥ የያዘው ልጅ ነው» አለች። «ምን እናድርግለት?»

«ውኃ መጨመሩን እንተው» አለች አንዷ። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን።

ሲስተር እጇን አጣጥፋ ቆመች። እኛም ቁጭ ብለን አየን። ውኃው ጎደለ፣ ጎደለና ጠብታ ቀረ። ከዚያም ደረቀ።

«ቀዳዳው ተደፈነ?»

«አልተደፈነም።»

«ታዲያ ምን ሆነ?»

«ባዶ ቀረ» አልናት።

«እኛ ቤት እንደሆነ ጀሪካኑም ልጁም የተበሳ ነው» አለች ፈንታዬ፤ ሰው ሳቀ። እኔ ግን ዓይኔ ከጀሪካኑ አልተነሣም። ልጅ ሲያስቀምጠው ውኃ የምንከለክለው «የጠጣው ሁሉ ይወርድበታል» ብለን ነው። እናቴም አያቴም እንዲሁ ነበሩ። ያ ባዶ ጀሪካን ሰው ሁኖ ያየኝ መሰለኝ።

ከዚያ ኦአርኤስ የሚባለውን ዱቄት አሳየችን፤ በፈላና በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውኃ የሚበጠበጠውን። «ሊትሩን በምን እንለካው?» ያልኳት እኔ ነኝ። «እማማ ብርቄ፣ ጠበል የሚቀዱበትን ጠርሙስ ነገ ይዘውልኝ ይምጡ» አለችኝ። ይዤ ሄድኩ። ገልብጣ አየችውና «ልክ አንድ ሊትር ነው፤ መለኪያው ቤትዎ ነበር ማለት ነው» አለች። ያን ቀን ለየራሳችን ጥቂት ጥቂት ከረጢት ሰጠችን።

ስለ ወተት ጥርስም አነሣች። የሕፃን ድድ የሚያብጠው ጥርሱ ሊበቅል ነው እንጂ ትል ገብቶበት አይደለም፣ መቁረጥና መንቀል ደም ያፈሳል፣ ቁስሉም ያመረቅዛል አለች። በዚህ ላይ ክርክር ተነሣ፤ ግማሹ አመነ፣ ግማሹ አጉረመረመ። በመጨረሻው ቀን ደግሞ የሚያስፈራውን ምልክት ነገረችን፤ ዓይኑ የጎደጎደ፣ ሲያለቅስ እንባ የሌለው፣ ሽንት ያቆመ፣ የሆዱ ቆዳ ሲቆነጠጥ ቶሎ የማይመለስ። «ይህን ካያችሁ እየሰጣችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ። እየሰጣችሁ ነው ያልኩት። ሳትሰጡ አትሩጡ፣ ሰጥታችሁም ቤት አትቀመጡ» አለች።

ሥልጠናው ባለቀ ማግስት እግሬ በላኝ። ኮሶዬ ውዴ አለችልኝ። ውዴ የሟች እህቴ ልጅ ናት፤ ያሳደግኋት እኔ ስለሆንኩ እማ ነው የምትለኝ። ከአስፋልቱ ወረድ ብላ ከባሏ ከገብሬና ከአማቷ ከያልጋነሽ ጋር ትኖራለች። የመጀመሪያ ልጇን ማስተዋልን ወልዳ ልጂቱ መቀመጥ ችላለች ሲሉኝ ልያት ብዬ ቦርሳዬን አነገትሁ። ቦርሳዬ ውስጥ የጠበል ጠርሙሴና የሲስተር ከረጢቶች ነበሩ።

ከሚኒባሱ ወርጄ ቁልቁለቱን ስወርድ ረፋድ ነው። ግቢያቸው ስደርስ ደጁ ላይ እሳት ሲነድ አየሁ። ድግስ ያላቸው መሰለኝ። ቀረብ ስል ከግድግዳው ሥር ካለው መደብ ላይ አያ ታከለ ተቀምጧል። አያ ታከለን የማያውቅ በዚያ አገር የለም። የወተት ጥርስ ነቃይ ነው። «እጁ ቀላል ነው» ይሉታል። አጠገቡ በጥቁር ጨርቅ የተቋጠረች ትንሽ ነገር አስቀምጧል። ብረቱን በዚያ ጨርቅ ቋጥሮ እንደሚዞር ሁሉም ያውቃል። እሳቱ ለምን እንደነደደ ያን ጊዜ ገባኝ።

«ምነው፣ ደኅና ናችሁ?»

«ደኅናስ አይደለንም፣ እንኳን መጣሽ እቴ» አለች ያልጋነሽ። ልጂቱን በነጠላ ጠቅልላ ታቅፋታለች። «ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እንደ ውኃ ነው የሚወርዳት። ድዷ አብጧል፣ ጥርሱ ነው። አያ ታከለን አስጠራነው።»

ውዴን በዓይኔ ፈለግኋት። ከበሩ ጥግ ፊቷን ወደ ግድግዳ መልሳ ተቀምጣለች። የቀሚሷ ደረት በወተት ርሷል።

«ምነው ልጄ፣ ጡት አትሰጫትም?»

«ከለከሉኝ እማ። ነጭ ሽንኩርት ስነቅል ፀሐይ ላይ ውዬ ገባሁ። ጡትሽን ፀሐይ መቶታል፣ ያ ነው ልጂቱን ያስቀመጣት አሉኝ። እያለብሁ መሬት እደፋዋለሁ።»

«ውኃስ ጠጥታለች?»

«ውኃማ እንዴት ይሰጣታል?» አለች ያልጋነሽ። «ገና ያለው ሳይቆም።»

ጀሪካኑ ፊቴ ላይ መጣ። እጄን ዘረጋሁና «እስኪ ስጪኝ» አልኩ። ሰጠችኝ። ማስተዋል ቀላል ነበረች፤ ባዶ ነጠላ የታቀፍኩ ያህል። ዓይኗ ጎድጉዷል። ከንፈሯ ደርቋል። አለቀሰች፣ ግን ልቅሶው ደረቅ ነው፣ ጉንጯ ላይ ምንም የለም። በቀስታ የሆዷን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጌ ለቀቅሁት። እንደ ሊጥ ቁሞ ቀረና ቀስ ብሎ ተመለሰ። ሲስተር ሰላማዊት በላስቲኩ አሻንጉሊት ላይ ያሳየችንን ሁሉ በሥጋ አየሁት።

«አሁኑኑ ጤና ጣቢያ እንውሰዳት» አልኩ።

«በዚህ ፀሐይ? ምች ይምታት?» አለች ያልጋነሽ። «ገብሬም የለም፣ ነጭ ሽንኩርቱን ጭኖ ጎንደር ወርዷል። የጤና ኬላዋ ልጅም ወረዳ ሂዳለች። ፀሐይ ሲበርድ እንወስዳታለን። ግን ጥርሱን ይዛ መንገዱን አትችለውም። መጀመሪያ ይነቀልላት።» ከዚያ ወደ አያ ታከለ ዞረች። «ተነሥ እንጂ። ባለፈው የጎረቤቴን ልጅ ድዱ ገና ነው ብለህ ተመለስክ። ከዚያ በፊት የእህቴንም እንዲሁ። ዛሬ ግን አልለቅህም፤ የልጄ ልጅ ናት።»

አያ ታከለ ጣቱን በውኃ ታጥቦ የልጂቱን ድድ ዳሰሰ። ቆየ። «አብጧል» አለ።

ያልጋነሽ ልጂቱን ከእጄ ወሰደችና ጭንቅላቷን በሁለት ጉልበቷ መሐል አደላድላ ያዘች። እንዲህ ነው የሚያዘው፤ እኔም ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ውዴ ጆሮዋን በእጇ ደፈነች። አያ ታከለ እጁን ወደ ጥቁሩ ጨርቅ ሰደደ።

እኔ ጮኼ አላውቅም። ያን ቀንም አልጮኽሁም። ብቻ ከተቀመጥሁበት ተነሥቼ፣ ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ አስተካክዬ፣ «በሕግ አምላክ» አልኩ።

ከተማ ያደጋችሁ ልጆች ይህን ቃል አሁን አሁን ለቀልድም ትሉት ይሆናል። በእኛ አገር «በሕግ አምላክ» ከተባለ ዱላ ያነሣ እንኳ ያወርዳል፤ የሚራመድ ይቆማል። የአያ ታከለ እጅ አየር ላይ ቀረ። ያልጋነሽ ቀና ብላ አየችኝ፤ ቅር እንዳላት ፊቷ ይናገራል።

«ማንን ነው ያቆምሽው?» አለኝ አያ ታከለ። «እኔን ነው ወይስ ባለቤቲቱን?»

«ሁላችሁንም።»

«እንግዲያ ተሟገቺ» አለና እጁን ሰብስቦ መደቡ ላይ ተደላደለ። ጥቁሩን ጨርቅ ከጋቢው ሥር አስገባው።

«ልጂቱ ደርቃለች» አልኩ። «ጥርሷ አይደለም፣ ውኃ ነው ያጣችው። ውኃ ያጣች ልጅ ላይ ደም ከተጨመረ ምን ይተርፋታል? ፀሐይ እስኪበርድ ልጂቱ የእኔ ትሁን። የሚጠጣ እሰጣታለሁ። ሲበርድ ይዘናት እንወጣለን።»

«ባይቀናትስ?» አለች ያልጋነሽ።

አፌ ከልቤ ቀደመ። «ያ የባሕር ዛፍ ጥላ የበረቱ በር እስኪደርስ ካላገገመች፣ እኔው ራሴ ጭንቅላቷን ይዤ አስነቅላታለሁ።»

ውዴ «እማ!» አለች። እኔም ከተናገርኩ በኋላ ነው የፈራሁት። ነገር ግን ቃል ወጥቷል፤ የወጣ ቃል ደግሞ አይመለስም።

«ዋስ ጥሪ» አለች ያልጋነሽ። ደግ ሴት ናት፤ ነገሩ የልጅ ነገር ሆኖባት ነው። ዙሪያዬን አየሁ። ውዴ ምራት ናት፣ በአማቷ ላይ ዋስ አትሆንም። ሌላ ሰው የለም።

«ዋሷ እኔ ነኝ» አለ አያ ታከለ።

ያልጋነሽ አፏን ያዘች። «አንተ? አንተን ያስቆመች ሴት እኮ ናት።»

«ያስቆሙት ሰው ዋስ አይሆንም ያለ ማን ነው? ጥላውን እኔ እጠብቃለሁ። እሳቱም ለብረት ነደደ፣ ለውኃ ይሁንላት።»

ያን ጊዜ ሽማግሌው ለሙግት ያለው ፍቅር ነው ብዬ አለፍኩት።

ማንቆርቆሪያውን ጣድን። ውኃው ፈላ። መቀዝቀዙ ግን ዕድሜ ሆነብኝ። ማንቆርቆሪያውን ገንዳው ውስጥ በቀዝቃዛ ውኃ ዘፍዝፌ እየነካሁ ጠበቅሁ፤ ያልጋነሽ እኔን ታያለች፣ አያ ታከለ ጥላውን ያያል። ጠበሉን ለያልጋነሽ በዋንጫ ገለበጥኩላት፤ ተሳልማ ጠጣችና የቀረውን ለልጂቱ ግንባር ቀባችላት። ጠርሙሱን አለቅልቄ በቀዘቀዘው ውኃ ሞላሁና ከረጢቱን ቀድጄ በጠበጥኩ። በቡና ማንኪያ ቀምሼ አየሁት። ሲስተር እንዳለችው እንባ እንባ ይላል።

«እስከዚያ ጡት ትስጣት» አልኩ።

«ፀሐይ የመታው ጡት?» አለች ያልጋነሽ። «በአንቺ ቤትስ እንዲህ ይደረግ ነበር?»

በእኛ ቤትም አይደረግም ነበር። ግን ዓይኔ ከበረቱ ወዲያ ሜዳው ላይ የምትግጠው ላማቸው ላይ አረፈ። «እቴ ያልጋነሽ» አልኳት፣ «ያቺ ላም ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ናት። ማታ ስትገባ ወተቷን መሬት ትደፊዋለሽ?»

ያልጋነሽ ላሟን አየች። እኔን አየች። አያ ታከለ በጋቢው አፉን ሸፈነ፣ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጣል። «ላሟም ጃንጥላ ያስፈልጋታል በያት እንጂ» አለ።

«አንተ ደግሞ ዋስ ነህ፣ ጠበቃ አደረገችህ እንዴ?» አለች ያልጋነሽ። ነገር ግን ከንፈሯ ላይ ሳቅ ነበረ። ውዴን «እንግዲህ ስጫት» ያለቻት በዚያ ሳቅ ውስጥ ነው። ውዴ ከአማቷ እጅ የነጠቀች ያህል ልጂቱን ታቀፈች። ማስተዋል ጡቱን ያዘች፣ ጥቂት ሳበች፣ ደክሟት ተወችው።

ከዚያ የእኔ ተራ ሆነ። ጭኔ ላይ ቀና አድርጌ በማንኪያ ጀመርኩ። አንድ ማንኪያ፣ ትንሽ ዕረፍት። አንድ ማንኪያ፣ ትንሽ ዕረፍት። መጀመሪያ በአገጯ ፈሰሰ። ቀጥሎ ላሰች። ቀጥሎ አፏን ከፈተች። ልቤ ደስ ሊለው ሲል ልጂቱ ተንፈራገጠችና የዋጠችውን ሁሉ ነጠላዬ ላይ መለሰችው።

ያልጋነሽ ተነሣች። «አየሽ? አልቀበል አላት። ተረታሽ እቴ፣ ልጂቱን አምጪ።»

«ጥላው ገና ነው» አለ አያ ታከለ።

«ጥላው ምን ያደርግልኛል፣ ልጂቱ እያለቀች?»

«የተዋዋልነው በጥላው ነው። ቁጭ በይ።»

እኔም ሲስተር ያለችውን በልቤ ደገምኩት፤ «ብታስመልስ አትደንግጡ። ትንሽ ታገሡና ካቆማችሁበት፣ ቀስ ብላችሁ ቀጥሉ።» ለላስቲክ ልጅ ሲሉት ቀላል ነው። ሕይወት ያላት ልጅ ጭንህ ላይ ተልፈስፍሳ አያቷ እጇን ዘርግታ ስትቆም ግን «ትንሽ ታገሡ» የሚለው ቃል ተራራ ነው። ታገሥኩ። አፏን ጠረግሁላት። ማርያምን ጠራኋት። ከዚያ ከበፊቱ ባነሰ ማንኪያ፣ ከበፊቱ በዘገየ እጅ ቀጠልኩ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ያን ጊዜ እርግጠኛ ነበርኩ። ፈርቼ ነበር፣ ግን እርግጠኛ ነበርኩ። ሁለቱ አብረው ይኖራሉ። ዕድሜዬን ሙሉ ልጅ ሲታመም የማደርገውን የማደርገው ሌላው ስላደረገው ነው። ያን ቀን ግን እያንዳንዷ ማንኪያ ለምን እንደምትገባ አውቅ ነበር።

ጥላው የበረቱን አጥር ያዘ። ውዴ በየመሐሉ ጡት ትሰጣለች፣ እኔ በማንኪያ እቀጥላለሁ። ልጂቱ አላስመለሰችም፤ ግን አንቀላፋች፣ ስትተኛም ያስፈራል። ያልጋነሽ እየመጣች እጇን አፍንጫዋ ሥር ታደርጋለች። እሳቱ ጠፍቷል፤ አያ ታከለ ድጋሚ ይንደድ አላለም።

ጥላው የበሩን መቃን ሊነካ ሲቃረብ ማስተዋል ነቅታ አለቀሰች። ማንኪያው ዘግይቶባት ነው። ፊቷን ወደ ብርሃኑ አዞርኩት። በግራ ዓይኗ ጥግ አንዲት እንባ ተጠራቅማ ወረደች።

«ውዴ፣ ነይ እይ» አልኩ። «እንባ።»

«ልጅ ያለቅሳል፣ ምን ይደንቃል?» አለች ያልጋነሽ።

«ጠዋት እንባ አልነበራትም» አለ አያ ታከለ። «እኔም አይቻለሁ።»

«እንባ ማስረጃ አይሆንም» አለች፤ እውነቷን ነው፣ በልጅ ልጅ ሞት ላይ ቆማ ማን በአንዲት ጠብታ ያምናል? ቀና ብዬ ጥላውን አየሁ። በሩ ላይ ደርሷል። አያ ታከለም አይቶታል፤ ግን ዓይኑን ወደ ሰማይ አንሥቶ ደመና እንደሚፈልግ ሰው ያይ ጀመር።

ያን ጊዜ ነው ጭኔ የሞቀኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ሙቀቱ በቀሚሴ እየሰፋ ወደ ጉልበቴ ወረደ። ውዴ እንደነገረችኝ ከትናንት ማታ ጀምሮ ሽንት ያልነበራት ልጅ ሸናችብኝ። ጥቂት ተቀምጬ ሞቅሁት። በዕድሜዬ ብዙ ልጅ ሸንቶብኛል፤ እንደዚያ ቀን ግን የከበረ ሽቶ የተረጨብኝ አይመስለኝም። ከዚያ ልጂቱን ብድግ አድርጌ ቀሚሴን ለያልጋነሽ አሳየኋት።

ያልጋነሽ ጎንበስ ብላ በእጇ ዳሰሰችው። እጇን አሸተተች። ከዚያ እዚያው መሬቱ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

አያ ታከለ ጋቢውን አራግፎ ተነሣ። «ዋስነቴ ወርዷል» አለ። «ፀሐዩም በርዷል፣ ተነሡ ሂዱ። ብርቄ፣ ማንኪያሽን እንዳትረሺ።» ያልጋነሽ ጠላ ልቅዳልህ ብትለው እምቢ አለ። ጨርቁን ብብቱ ውስጥ ከቶ ቁልቁለቱን ወረደ። ሲሄድ ከኋላው አይቼ አሸነፍኩት አልኩ በልቤ። ትንሽ ኩራት ተሰማኝ፤ ለምን እዋሻለሁ።

እየሰጠን ወደ አስፋልቱ ወጣን። ውዴ አዝላ፣ እኔ ጠርሙሱን ይዤ፣ ያልጋነሽ ከፊት መንገድ እየጠረገች። የመጀመሪያው ሚኒባስ አሳፈረን። ጤና ጣቢያ ያለው ወጣት ሐኪም ልጂቱን መርምሮ ምን እንደሰጠናት ጠየቀኝ። ጠርሙሱን አሳየሁት። «እስካሁን የያዛት ይሄ ነው። በዚሁ ቀጥሉ» አለና ዚንክ የሚባለውን ኪኒን ጨመረልን። እዚያው አሳድረው በማግስቱ ለቀቁን። ያበጠው ድድ ላይም ብዙ ሳይቆይ ሁለት ጥርስ ብቅ አለ፤ እንደ ስንዴ ፍሬ ነጭ።

ያ ቀን ምን ለወጠብሽ ትሉኛላችሁ። መዞሬን አልተውኩም። ድሮ ግን ባዶ እጄን እዞር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሲስተር ሰላማዊት ገጠር ስትወጣ አብሬያት እሄዳለሁ። እሷ ጀሪካኑን ታሳያለች፣ እኔ ላሟን አወራለሁ። ይህን ጽሑፍ የምታነቡ እናቶች፣ አያቶች፣ የሰው ልጅ ይዛችሁ የምትውሉ ሁሉ፣ ሥልጠና ተጠራችሁ ሲሏችሁ «ልጅ ማሳደግ አጣሁት?» አትበሉ። አላጣችሁትም። ያላችሁ ላይ የሚጨመር ነው፤ የጠበል ጠርሙሱ ቤቴ ነበር፣ ሊትር መሆኑን ግን የነገረኝ ሰው አስፈልጎኛል። እናንተ ወጣቶች ደግሞ፣ ከሥልጠና ስትመለሱ ሽማግሌውን ከመደቡ አታንሡት። መጀመሪያ አስቀምጡት፣ ከዚያ ተሟገቱት። ዋስ ሊሆናችሁ ይችላል።

ያልጋነሽ ዛሬ የኮሶዬ እናቶች ስብሰባ ላይ ከፊት ነው የምትቀመጥ። ማስተዋል ትምህርት ቤት ገብታለች፤ ስታየኝ ትሸሸኛለች፣ «የሸናሽብኝ ልጅ» ስለምላት።

አያ ታከለ ካረፈ በኋላ፣ ከዚያ ቀን ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ ኮሶዬ ሥልጠና ሰጠን። የወተት ጥርሱ ነገር ሲነሣ አንዲት ሴት ቀስ ብላ ወጣች። ሲያልቅ ደጅ ቁማ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። ፀዳለ ትባላለች፣ የአያ ታከለ ልጅ ናት።

«እማማ ብርቄ፣ እርስዎ በሕግ አምላክ ያሉት ቀን አባቴ ቤት ገብቶ አለቀሰ» አለችኝ።

«በእኔ ተቀይሞ ነው?»

«አይደለም። የበኩር ልጄን የወተት ጥርስ የነቀለለት እሱ ነበር። ቁስሉ አመረቀዘ፣ ልጁም አልተረፈልኝም። እርስዎ ከመጡበት ቀን አንድ ክረምት ቀድሞ ነው። አባቴ ከቀብሩ ሲመለስ ብረቱን ገደል ወረወረው። ግን ሰው የታመመ ልጅ ይዞ ሲጠራው አልሄድም ማለት አልቻለም፣ ለምን እንደተወውም አፉን ሞልቶ መናገር አልቻለም። እየሄደ ድዱ ገና ነው እያለ ይመለስ ነበር። ያን ቀን እመት ያልጋነሽ አልለቅህም አሉት፣ መውጫ አጣ።»

«ጨርቁስ?» አልኳት። «ቋጥሮ ይዞት የነበረው ጥቁሩ ጨርቅ?»

ፀዳለ ፈገግ አለች፣ ዓይኗ ግን ርሶ ነበር። «ከመፋቂያው በቀር ምንም አልነበረበትም» አለችኝ።